ለጋው ታሟል ተብዬ ጅማ የወረድኩ ሰሞን

ጅማ ሄጄ ከመጣሁ ወዲህ የቀበና ጎረቤቶቼ ሥራ አስፈትተውኛል። አንዱ ሲወጣ አንዱ እየገባ «እስቲ አንዴ ድገምልን» ይለኛል፤ ከደገምኩለት በኋላ ደግሞ «ውሸታም» ብሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩን በወረቀት አስፍሬ መገላገል ሳይሻል አይቀርም። መቼም ከመሀላችሁ ጅማን ለማየት የሚነሳ የለም፤ ለእናንተ ሰበታን ማለፍ ባሕር ማዶ መሄድ ነው። ምናልባት የሚነሳ ካለ ግን ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት አንዲት ቃል ይማር። እኔን ከቤቴ ያስነሳችኝም መሳቂያ ያደረገችኝም አንዲት ቃል ናት።

ሰኞ

እንደምታውቁት ድልድዩ አጠገብ ባለችው ክሊኒክ ድሬሰር ነኝ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከጅማ የመጣ የአውቶቡስ ረዳት በሬን አንኳኩቶ፣ «እህትህ ወይዘሮ አስካለ ናት የላከችኝ። ‹ለጋው ታሟል፤ መድኃኒትህን ይዘህ ቶሎ ድረስ› በለው ብላኛለች» አለኝና ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሮጠ።

እትዬ አስካለ ታላቄ ናት። የጭነት መኪና ሹፌር አግብታ ጅማ ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ ባሏ ከመንገድ ሲመለስ በእንግድነት ያርፍባታል እንጂ አብሯት ኖረ አይባልም። ልጅም አልወለዱም ነበር። እንግዲህ ለጋ ማለት በእኛ አማርኛ ምንድን ነው? ገና ያልጠና፣ ትናንት የመጣ ነው። ለጋ ቅቤ፣ ለጋ ሕፃን እንላለን። «ወልዳለች!» አልኩ ብቻዬን ቆሜ። የሰው ዓይን እንዳይገባባት እርግዝናዋንም አራስነቷንም ደብቃን፣ ልጁ ሲታመምባት ጊዜ ጨንቋት ላከችብኝ ብዬ በራሴ ፈርጄ ጨረስኩ። ደስታና ድንጋጤ እኩል ያዙኝ። የሆድ ቁርጠት ሽሮፕ፣ የተቅማጥ ዱቄት፣ የሳል ጠብታ፣ ለሕፃን የሚሆን ያለኝን ሁሉ ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቅኩና ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርኩ።

እኛ በከተማ አውቶቡስ ከቀበና ፒያሳ ስንሄድ አጠገባችን ያለውን ሰው «እግርዎን ያንሱልኝ» ከማለት በቀር አናነጋግርም። የጅማው አውቶቡስ ሌላ አገር ነው። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ምን እንደታቀፍኩ ጠየቀችኝ፤ እኔም ሳላስብ ነገርኳት። ወሊሶ ስንደርስ ከሹፌሩ ጀምሮ ጣሪያው ላይ እስከታሰሩት ዶሮዎች ድረስ የእህቴን ልጅ መታመም ያልሰማ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ የሐኪሞች ጉባኤ ሆነ። ግራው ረድፍ ጤና አዳም ይሽተት ይላል፤ ቀኙ ረድፍ ቅቤ ይዋጥ ይላል። «እኔ እኮ የተማርኩ ድሬሰር ነኝ፤ ሁለቱም አይሆንም» ብል አንዲት እናት በሐዘኔታ አዩኝና «ምን ይደረግ፣ ያልወለደ ነው» አሉ። ወዲያው ግን እኒያው እናት ወሊሶ ላይ ወርደው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ገዝተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ወልቂጤ የተሳፈረ ነጋዴ ደግሞ ከጥቅሉ ውስጥ አንዲት የሕፃን ቆብ መዝዞ «የአጎት ስጦታ ነው በለው» አለኝ። የማን አጎት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የግቤን ቁልቁለት ስንጀምር ጎማው ፈነዳ። ተቀይሮ ጥቂት እንደሄድን የተቀየረውም ፈነዳ። ቀበና ኅዳር ሲገባ ጋቢ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፤ ግቤ ላይ ግን በዚያው ኅዳር ሸሚዜን አውልቄ ድንጋይ ጥላ ሥር ተንጋለልኩ። ብነሳ ቅቤው ቀልጦ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ቀብቶታል። ጠርሙሶቼ ለሠርግ እንደተዘጋጁ ሙሽሮች ያብለጨልጫሉ።

በዚህ ምክንያት ሶኮሩ ለማደር ተገደድን። ሁሉም አልጋ ተይዟል ተባልኩ። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ግን ወሬውን ከረዳቱ እንደሰማች አልጋ ተገኘ፤ የራሷ ነበር። ቦርሳዬን ተቀብላ እያንዳንዱን ጠርሙስ በሙቅ ውሃ አጥባ፣ አድርቃ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ መለሰችልኝ። እሷ ማድቤት መደብ ላይ እንዳደረች ያወቅኩት በማግስቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመዴ ቤት ሳድር እንኳ እንዲህ አልተደረገልኝም።

ማክሰኞ

አሰንዳቦ ላይ አንድ ሽማግሌ ኮርቻቸውን ታቅፈው ተሳፈሩና ጎኔ ተቀመጡ። አባ ጨብሳ እንደሚባሉ በኋላ አወቅኩ። ነጭ ጢም፣ ነጭ ኮፍያ፣ ሳቅን አፍኖ የመያዝ ልምድ ያለው ፊት።

«ምን ይዘህ ነው እንዲህ የታቀፍከው?» አሉኝ።

«መድኃኒት ነው፣ አባቴ። ጅማ እህቴ ዘንድ ለጋው ታሞብኝ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለጋው? እህትህ ማን ናት?»

«ወይዘሮ አስካለ። ልብስ አጣቢዋ።»

«አስካለ! ጎረቤቴ ናት እኮ መሌ! ኤዬ፣ አዎ፣ ለጋውን አውቀዋለሁ። በጣም ታሟል።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ምን ምልክት አዩበት?»

«ቀለሙ ጠቁሯል። ይሸታል። ከታች በኩል ደግሞ አረፋ ይደፍቃል።»

አረፋ መድፈቁን ስሰማ፣ ይህማ የሽሮፕ ነገር አይደለም አልኩ። «ከጀመረው ቆየ?»

«ከተማው መስፋት ሲጀምር ነው የጀመረው» አሉና ቦርሳዬን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«ሽሮፕ።»

«ሽሮፕ! ስንት በርሜል?»

«ምን በርሜል አለው፣ በሻይ ማንኪያ ነው እንጂ! ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።»

«በሻይ ማንኪያ» አሉ ቀስ ብለው። «ሱብሓነላህ። ከራስጌው ነው የምትሰጠው ከግርጌው?»

ሽማግሌ ናቸው፣ አእምሯቸው ትንሽ ሸሸት ብሏል ብዬ በትሕትና «በአፉ ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ጅማ እስክንገባ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ የመንገዱ ኮረኮንች መስሎኝ።

ጅማ ስንደርስ «ና፣ አብረን ነን» ብለው አወቱ ወንዝ ዳር ያለውን የእትዬን ቤት አሳዩኝ። እትዬ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና ተለውሶ ወጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን በትከሻዋ ላይ ወደ ቤት ውስጥ እያየሁ፣ «የታለ?» አልኳት።

«ማን?»

«ለጋው!»

በአገጭዋ ወደ ጓሮ አመለከተች። ከጓሮው ባሻገር አወቱ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። «ያውልህ» አለች።

አባ ጨብሳ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ያን ሁሉ መንገድ አፍነው የያዙትን ሳቅ ለቀቁት። እዚያ አገር በኦሮምኛ ወንዝን ለጋ ይሉታል። እኔ የለገዳዲን ውሃ በቧንቧ እየጠጣሁ «ለገ» ምን ማለት ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ተናደድኩ። «ሆን ብለሽ ነው አይደል?» አልኳት።

«ታዲያስ! ወንዝ ታሟል ብዬ ብልክብህ ትመጣ ነበር? የቀበና ሰው! አፍንጫህን ይዘህ ድልድይ ስትሻገር ነው የኖርከው።»

ቦርሳዬን ዘርግፌ የወሊሶዋን እናት የቅቤ ቅሪት፣ የነጋዴውን ቆብ፣ ሽሮፑን ሁሉ አሳየኋት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቆቧን አንስታ መዳፏ ላይ ዘረጋቻት። ቀልዱ የት ላይ እንደሚያም አላሰብንበትም ነበር። «ቆንጆ ናት» አለችና ወዲያው ሦስት ቤት አልፎ ላለች አራስ ወስዳ ሰጠቻት፤ ሽሮፑንም ጨምራ።

ስትመለስ ለምን እንደፈለገችኝ ነገረችኝ። የምታጥበው የአንድ ሆቴል አንሶላ ነው፤ የምትተዳደረውም በዚያ ነው። አወቱ ከተበላሸ ወዲህ ነጭ አንሶላ ይገባና ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የሆቴሉ እመቤት «አንሶላዬን ቡና አጠጣሽው እንዴ?» ብላ ስቃ ነበር መጀመሪያ። አሁን አትስቅም። እስከ ገና ካልነጣ ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብላለች። እትዬ ለማዘጋጃ ቤቱም ለሰፈሩም ጮሃ የሚሰማት አላገኘችም። «የአጣቢ አፍ ማን ይሰማል? የአዲስ አበባ ሐኪም ሲናገር ግን ይሰማሉ» አለችኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም ብላት «ቦርሳ ይዘሃል አይደል?» አለች።

ረቡዕ

ማለዳ ወደ በሽተኛዬ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ምኑ እንደታመመ ቶሎ አልገባኝም። የቀበና ሰው ነኝ፤ ወንዝ ሲፈጠር እንዲህ መስሎኝ ነው የኖርኩት። እኛ ወንዝ ሲሸተን «ድልድዩ ጋ ደርሰናል» እንላለን እንጂ ታሟል አንልም። እትዬና አባ ጨብሳ ግን የጤናውን ጊዜ ያውቃሉ። ዳርና ዳሩን ጨፌ የሚሉት ረጅም የውሃ ሣር ነበረ፤ ውሃው በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ይጣራ ነበር። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛ ይዘል ነበር። ሸርጣን ከድንጋይ ሥር ይለቀም ነበር። «እንቁራሪቱማ» አሉ አባ ጨብሳ፣ «ወላሂ የመግሪብን አዛን ያስረሳን ነበር። አሁን ዝም ብሏል። አዛኑ ይሰማኛል፣ ግን ደስ አይለኝም።»

ሦስታችን ሽቅብ ወንዙን ተከትለን ሄድን። እትዬ ባገኘችው ሰው ፊት «ዶክተር ነው፣ ከአዲስ አበባ» እያለች ታስተዋውቀኛለች። መጀመሪያ የደረስነው አንድ ጋራዥ ነው፤ ሞተር እያጠቡ ዘይቱን ወደ ወንዙ ያወርዳሉ። «እኛ ምን እናድርግ፣ ዶክተር፣ ወንዙ ከላይ ነው ተበላሽቶ የሚመጣው» ብለው ሻይ ጋበዙን። ከላይ ሥጋ ቤቱ አለ፤ ትራፊውን ይጥላል፤ «ከላይ ነው» አለና ሻይ ጋበዘን። ከዚያ በላይ ጨፌው ታጭዶ፣ መሬቱ ተደልድሎ አዳዲስ የኪራይ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ፊታቸው ወደ መንገድ፣ መጸዳጃቸው ወደ ውሃ። ተከራዮቹ ከየአገሩ የመጡ ደግ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ሻይ አፈሉልንና ወደ ላይ ጠቆሙን። እንደተረዳሁት አወቱ ዳር የሚኖረው ሁሉ የታችኛው ሰው ነው፤ የላይኛውን አንድም አላገኘሁም። ሻይ ግን ሆዴ ውስጥ እንደ ወንዙ ይንቦጫቦጭ ጀመር።

በመጨረሻ ከከተማው ራስጌ አንዲት የቡና ማጠቢያ ደረስን። ቀዩ እሸት ቡና በማሽን ይላጣል፣ ፍሬው ይታጠባል፣ ልጣጩና እጣቢው ወደ ወንዙ ይወርዳል። ሽታው የከረመ የጠላ አተላ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ውሃ የጠራ ነበር። ዘበኛው «ባለቤቱ ሐጂ ናስር ናቸው፤ አጋሮ ነው ያሉት» አለን፤ እሱም ሻይ ሊያፈላ ተነሳ፤ ለምነን አስቀመጥነው።

እትዬ «በል መርምር» አለችኝ። ከማጠቢያው በታች ገባሁና ድንጋይ ገለበጥኩ። በጤናው ጊዜ ከድንጋይ ሥር ስንት ዓይነት ነፍሳት ይርመሰመስ እንደነበር አባ ጨብሳ ነግረውኛል። እዚህ ግራጫ ንፍጥ የመሰለ ነገር ብቻ ተጣብቋል።

«ቁርጡን ንገረን፣ ሐኪም» አሉ አባ ጨብሳ። «ይሞታል?»

«ይህ ለጋ አልተራበም» አልኩ፤ መጀመሪያ ላይ ለቀልድ ነበር። «ጠግቦ ነው የታመመው። ከላይ የቡና ልጣጭ፣ ከመሀል ትራፊና ዘይት፣ ከታች ደግሞ ሳሙና ያጎርሱታል። የዋጠው ሆዱ ውስጥ ሲበሰብስ ትንፋሽ ያሳጣዋል። መድኃኒቱ ጾም ነው።»

ጾም ለሁለቱም የሚገባ ቃል ነው። እትዬ የነቢያትን ጾም ይዛ ነበር፤ እኔም ቤቷ ስላለሁ ሳልወድ ይዣለሁ። ከዚያ እትዬ ዞር አለችና «ከታች ሳሙና ያልከው ማንን ነው?» አለች።

«አንቺን ነዋ!» አሉ አባ ጨብሳ። «ላሜ ያንቺን አረፋ አይታ ውሃ መጠጣት ትታለች።»

«የእኔ አረፋ ነጭ ነው!»

«ላም ነጭና ጥቁር አትለይም፣ አስካለ!»

ለካ በዚህ የተነሳ ውስጥ ለውስጥ ተኳርፈው ኖረዋል። አባ ጨብሳ ማሳቸው ውስጥ የጠራ ምንጭ አላቸው፤ አረፋው ላማቸው ዘንድ መድረስ ሲጀምር እትዬን ምንጩን ከልክለዋታል። ሲመለሱ አንዱ በዚህ ዳር ሌላው በዚያ ዳር ሄዱ፤ እኔ መሀል ላይ በውሃው ውስጥ።

ሐሙስ

ኩርፊያው እንዳለ ሆኖ አጋሮ አብረን ሄድን፤ የሐጂን በር ለማንኳኳት አባ ጨብሳም እትዬም ያስፈልጉ ነበር። የተሳፈርንበት ላንድሮቨር ከሚይዘው እጥፍ ይዟል። መንገዱ ከጥላ ዛፍ ወደ ጥላ ዛፍ ይገባል፤ በየደጁ ቡና በሰሌን ላይ ተሰጥቷል። እኛ ጓሮ ውስጥ ልብስ እናሰጣለን፤ እነሱ ቀይ ምንጣፍ ያነጠፉ ይመስላል።

የቡ ከተማ አጠገብ መኪናው ጋለ። ሹፌሩ ከአንዲት ወንዝ ባልዲ ሙሉ ውሃ ቀድቶ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠ። ጥቂት እንደተጓዝን ሞተሩ አንቆ ቆመ፤ ቢከፈት ራዲያተሩ በቡና ልጣጭ ተወትፏል። ሹፌሩ ልጣጩን በሽቦ እየጎረጎረ ሲያወጣ፣ አባ ጨብሳ «ይህም ይጹም!» ብለው ጮኹ። እትዬ ከኩርፊያዋ ጋር እየታገለች ሳቀች። በዚያ መሀል ከመንገድ ዳር ያሉ ሴቶች ጥላ ሥር አስቀምጠው የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አበሉን። ማን እንደሆንን እንኳ የጠየቀን የለም።

ሐጂ ናስር ደጃቸው ላይ ቆመው ተቀበሉን። ሰፊ ሰው ናቸው፣ ሳቃቸውም ሰፊ። ገና ሳንቀመጥ እትዬን «ልጄ፣ ጾም ላይ ነሽ አይደል?» አሏትና ወደ ማድቤት አንድ ነገር ተናገሩ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ቅቤ ያልነካው አዲስ ድስት ከሱቃቸው አስመጥተው ነው ያስበሰሉልን። ሽሮው፣ በዘይት የተሠራው ጎመን፣ ቆጮው፣ ብርቱካኑ ተደረደረ። ለራሳቸው የተዘጋጀውን ሥጋ መልሰው «እንግዳዬ ሲጾም እኔ አልበላም» ብለው ከእኛው በሉ። እትዬ ስለ ወንዙ ለመናገር አፏን በከፈተች ቁጥር የሐጂ ባለቤት ትልቅ ጉርሻ ያስገቡባታል። ጨዋታው ሁሉ አለቀ፣ ምሳው አላለቀም።

በመጨረሻ አባ ጨብሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐጂ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ ይህ ሐኪም ለጋውን አይቶታል።»

የጾሙን ነገር ደግሜ ተናገርኩ። ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ በጥሞና ሰሙኝ። «ጾም» አሉ። «ወላሂ ጥሩ ተናገርክ። እንግዲህ ስሙኝ። ለእናንተ ክብር ስል፣ ከገና ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ ከእኔ ዘንድ አንዲት ልጣጭ ለጋው አፍ አትገባም።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ከገና እስከ መስቀል! እጃቸውን ልስም ተነሳሁ። አባ ጨብሳ ብርቱካናቸውን በጣም ቀስ ብለው ይልጡ ነበር።

ከዚያ ሐጂ ወደ እትዬ ዞሩ። «አንቺስ፣ ልጄ? ከታች የምትሰጪውን ሳሙና?»

እትዬ እጇን አየች። ሳሙና የቆራረጠው እጅ ነው። «እኔም እጾማለሁ» አለች። «እኔ ግን ከነገ ጀምሬ ነው።»

አርብ

ሐጂ ሳታድሩ አትሄዱም ብለው ስለያዙን የተመለስነው በማግስቱ በራሳቸው የቡና መኪና ነው። ድል አድርጌ እንደምመለስ ሰው ደረቴን ነፍቼ ለሹፌሩ ነገሩን ሁሉ ተረክኩለት።

«ከመቼ እስከ መቼ አሉህ?» አለኝ።

«ከገና እስከ መስቀል!»

ሹፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ቀይ ቡና የሚለቀመው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ገና ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ይቆለፋል፣ ዘበኛው ይተኛል። ሐጂ ናስር ምንም የሚጣል በሌለበት ወራት ምንም ላለመጣል ቃል ገብተውልኛል።

«አዙረው!» አልኩት ሹፌሩን። «ወደ አጋሮ አዙረው!»

«ተወው፣ ታፌ» አለችኝ እትዬ በስሜ ጠርታ።

«ታውቂ ነበር?»

«ጅማ ይህን ያህል ኖሬ ቡና መቼ እንደሚለቀም አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አዲስ ድስት አስመጥተው፣ ሥጋቸውን መልሰው ከእኔ ጋር የጾሙን ሰው በገበታቸው ላይ ውሸታም ልበላቸው? ደግሞ ምን ዋሹ? የእሳቸው ቡና ወቅት አለው። የእኔ ሳሙና ነው ወቅት የሌለው።»

በጣም አፈርኩ፤ የሐጂን እጅ ልስም ስነሳ እሷ እጇን ታይ እንደነበር ትዝ አለኝ። የቡን ስናልፍ አባ ጨብሳ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ «ምንጩ ክፍት ነው» አሉ። «ከነገ ጀምሮ። ለሰው አላወራም፣ አንቺም አታውሪ።»

ቅዳሜ

አውቶቡሱ የሚነሳው ረፋድ ላይ ስለሆነ ጠዋቱን ለእትዬ አገለገልኩ። ከቤቷ በላይ፣ ከወንዙ ራቅ አድርጋ የእጣቢ ጉድጓድ አስቆፍራለች። ከአባ ጨብሳ ምንጭ እስከ ጓሮዋ ዳገት ነው። ድሮ ወንዙ ውስጥ ቆማ ነበር የምታጥበው፤ ውሃው ራሱ ይመጣላታል። አሁን እሷ ወደ ውሃው ሄዳ፣ ተሸክማ መጥታ፣ ያጠበችበትን ደግሞ ተሸክማ ጉድጓድ ትደፋለች። አንድ ባልዲ ልርዳት ብዬ ግማሹን ጫማዬ ላይ አፈሰስኩት። እሷ ግን ስትወጣና ስትወርድ አንዴም አላቃሰተችም፤ ወገቧን ስትይዝ ያየሁት ያላየኋት ሲመስላት ነው።

የመጀመሪያው አንሶላ ገመድ ላይ ሲወጣ ነጭ ነበር። ነጭ ስላችሁ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ተኝቼበት የማላውቀው ነጭ። ደስ ብሎኝ ጮህኩ። የሆቴሉ ሥራ ተረፈ።

ያኔ አባ ጨብሳ ላማቸውን እየነዱ ከታች ብቅ አሉ። እኔና እትዬ ሥራ ትተን ቆምን። ወንዙ እንደ ትናንቱ ቡናማ ነው፣ አረፋ ግን የለበትም፤ አንዲት አረፋ እንኳ። ላሚቷ እስከ ጉልበቷ ገባች። አንገቷን አጎነበሰች፣ አሸተተች፣ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ እኛን አየችንና ሳትጠጣ ወጣች።

አባ ጨብሳ ላሚቷን ወደ ምንጩ መለሷት። እትዬን ማየት ፈራሁ። ይህ ሁሉ ሸክም ለላም እንኳ ካልታያት ትተወዋለች፣ ነገ ተመልሳ ወንዙ ውስጥ ማጠብ ትጀምራለች፣ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ።

«ምነው፣ እትዬ?» አልኳት።

«ገና ነው» አለችና ባልዲዋን አንስታ ወደ ምንጩ ወረደች።